ስድስት ቁጥርን መልሱልን፦ ለዩኒቨርሲቲያችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን
ለተማሪዎች ክሊኒክ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በተማሪዎች ክሊኒክ ይሰጥ የነበረው የአእምሮ ጤና ሕክምና እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

የአንድ የሴቶች ማደሪያ ብሎክ ተወካይ ነኝ። ብሎክ ተወካይ ማለት ውሃ ሲጠፋ የሚጮህባት፣ አምፖል ሲቃጠል የምትጠራ፣ ፕሮክተሯ (የማደሪያው ተቆጣጣሪ) ስትቆጣ መሃል የምትገባ ልጅ ናት። ስመረጥ ሥራው ይኸው መስሎኝ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሬ ሲንኳኳ ግን ስለ ውሃ አይደለም። «እንትና መተንፈስ አቃተኝ እያለች ነው፣ ነይ» ነው። «ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም፣ እህልም አልቀመሰችም» ነው። ስንት ጊዜ እንደተንኳኳ መቁጠሩን ትቻለሁ።

አምና ቢያንስ ሲነጋ የምንሄድበት ነበረን። ክሊኒካችን ውስጥ ከላቦራቶሪው አጠገብ፣ ከመርፌ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ታውቋታላችሁ። በሯ ላይ 6 የሚል ቁጥር እንጂ ሌላ ጽሑፍ የላትም። እኛም «ስድስት ቁጥር» ነበር የምንላት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሳይካትሪ ነርሷ ትገባለች። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ በቃ። ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጉንፋን የያዘው፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠብቀውና እንቅልፍ ያጣችው አብረው ይቀመጣሉ። ማን ለምን እንደመጣ ማንም አያውቅም። የስድስት ቁጥር ትልቁ ነገር እሱ ነበር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዘንድሮ ምዝገባ እንዳለቀ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ክፍሉ ለንብረት ማከማቻነት ስለሚፈለግ የምክር አገልግሎት የሚፈልጉ ተማሪዎች በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት የሚስተናገዱ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ሲስተርም ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት በመስኮት አጮልቄ አየሁ፤ ፍራሽ እስከ ኮርኒስ ድረስ ተደርድሯል። ሶፍቱ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ አለ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ልጆች ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ ዲፓርትመንታቸውን፣ አገራቸውን ትቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ «ምክር» ላንሳ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቃል ነው ያናደደኝ። ሲስተር ምክር ብቻ አልነበረም የምትሰጠን፣ ታክም ነበር። ትጠይቃለች፣ ትመዘግባለች፣ መድኃኒት የሚያስፈልጋትን ለሐኪም ታሳያለች፣ በ15 ቀን ተመለሺ ትላለች፣ ካልተመለሽ ትደውላለች። ምክርማ ሞልቶናል። «አይዞሽ»፣ «ጠንከር በይ»፣ «ጸልዪ»፣ «ያንቺ ብቻ ነው እንዴ?» የሚል ዘመድ ያላጣ ማን አለ?

ደግሞም የት ነው የላካችሁን? ዲን ጽሕፈት ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚቀመጥበት ኮሪደር ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጫት ይዞ የተገኘ፣ ፈተና ሲኮርጅ የተያዘ፣ ዶርም ውስጥ ምድጃ የሰካ ተማሪ ነው። አንዷን ልጅ ይዣት ሄጄ ገና ሳንቀመጥ የክፍሏ ልጅ አልፎ ሲሄድ «ምን አጠፋሽ ደግሞ?» አላት፣ እየሳቀ። ክፋት የለውም ልጁ። እሷ ግን ተነስታ ወጣች፤ ሁለተኛ አልሄድም አለች፣ አልሄደችምም። ከፊታችን የነበረው ባለሙያም ቢሆን ክበባትን የሚያስተባብር፣ የአቅመ ደካማ ተማሪዎችን ፎርም የሚሞላ፣ የስፖርት ውድድር የሚያዘጋጅ አንድ ሰው ነው። በእሱ አልፈርድም፤ ለስንቱ ይድረስ?

ሁለተኛው ቅሬታችን ክሊኒኩ ውስጥ ስለቀረው ሕክምና ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይበት።

የእኛ አገር ሰው ሲደበተው «ደብቶኛል» ብሎ ሐኪም ፊት አይቀርብም። «ራሴን ይወጋኛል» ይላል። «ልቤ ይመታል»፣ «ሰውነቴን ይሰባብረኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሳ» ይላል። እናቶቻችንም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ እኛም ተማርን ብለን አልተለወጥንም። አንዲት የ3ኛ ዓመት ልጅ በአንድ ሴሚስተር 5 ጊዜ ክሊኒክ ሄዳለች። ሦስቱን ጊዜ አብሬያት ነበርኩ። ካርዷ ላይ ያለውን እሷው አሳየችኝ፦ ፓራሲታሞል፣ ከዚያ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ፣ ከዚያ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ከዚያ እንደገና ታይፎይድ። ከአምስቱ በአንዱም ጊዜ «ትተኛለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ቢጠይቋት ኖሮ ለወራት ሌሊት ሌሊት ስልኳን ስታይ እንደምታነጋ ትነግራቸው ነበር። የቤተሰቦቿ አካባቢ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ወንድሟ ይኑር አይኑር ሳታውቅ፣ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ተፈትናለች። በዚህ ግቢ ውስጥ ከጦርነት ቦታ የመጣ ተማሪ እሷ ብቻ አይደለችም። ከ2013 ጀምሮ የዚህች አገር ልጅ ከየትም አቅጣጫ ይምጣ፣ በሻንጣው ምን ይዞ እንደሚገባ እናንተም ታውቃላችሁ።

መጠየቁ ደግሞ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ብዙ ጤና ጣቢያ የሚጠቀምበት የ9 ጥያቄ ቅጽ አለ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ድብርት ተሰማሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ትኩረትሽ እንዴት ነው፣ ይላል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አገር ተፈትሿል። 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ወይም ብሞት ይሻላል ስለሚል ሐሳብ ነው። «እንዲህ ከተጠየቁ ሐሳቡን እናስገባባቸዋለን» የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሳይቀር። ሐሳቡ ያለባት ልጅ የምትጠብቀው አንድ ሰው እንዲጠይቃት ነው። እኔ ሌሊት ስጠይቅ አይቻለሁ። መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትናገራለች። እኔ ግን ነርስ አይደለሁም። ከተናገረች በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እጇን ይዤ እስኪነጋ ቁጭ እላለሁ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላችሁ አሳድጋችሁናል። እኛ እኮ አልሸሸግንም። ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበሩ ሞልቶ ይተርፍ ነበር።

ሦስተኛ፣ የባሰ ጊዜ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የፍሬሽ ልጅ ለአራት ቀን አልተኛም። ሰዎች ይከታተሉኛል፣ በግድግዳው ያወሩብኛል ይል ጀመር። የዶርም ጓደኞቹ ፈርተው ፕሮክተር ጠሩ፣ ፕሮክተሩ ጥበቃ ጠራ። ጥበቃዎቹ እጁን ይዘው ወስደው በር ላይ ያለው ቤታቸው ውስጥ አሳደሩት። ጠዋት ለአባቱ ተደወለና «መጥታችሁ ውሰዱት» ተባሉ። አባቱ ከሩቅ ገጠር በሁለት አውቶቡስ ነው የመጡት። በር ላይ ቆመው «ልጄ ምን አጠፋ?» ሲሉ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ከፎቶ ኮፒ ስመለስ። አሁንም «አጠፋ» የሚለው ቃል።

ልጁ ጸበል ተወሰደ። በጸበል ላይ ምንም የለኝም፣ እኔንም እናቴ በልጅነቴ ወስዳኛለች፣ ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም ያለኝ ቄስም አላጋጠመኝም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ፣ ከ20 ዓመት ግራና ቀኝ ነው፤ ሕክምናውም ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። ያን ሌሊት የሚያስፈልገው ጥበቃ ቤት አልነበረም። ክሊኒኩ ክፍት ነበር፣ ተረኛ ነርስ ነበረች። ግን ማንም ወደ ክሊኒክ ይሂድ አላለም፤ ምክንያቱም ክሊኒካችን የዚህ ዓይነቱ በሽታ ቦታ አይደለም ተብሎ ተወስኗል። ያ ማስታወቂያ ለፕሮክተሩም ለጥበቃውም የነገራቸው ይህንኑ ነው።

ሪፈር አለ ትሉናላችሁ። አዎ፣ አለ። አገሩ ሁሉ አማኑኤል ሆስፒታልን ያውቃል፤ ከ80 ዓመት በላይ የአእምሮ ሕመምተኛን ሲያክም ኖሯል። ግን እንቅልፍ ያጣች የ19 ዓመት ልጅ ሁሉ የሪፈር ወረቀት ይዛ አዲስ አበባ ትሂድ? የከተማችን ሆስፒታልም ቢሆን ካርድ ለማውጣት ንጋት 12 ሰዓት መሰለፍ ይጠይቃል፣ ከላቦራቶሪና ከሌክቸር መቅረት ይጠይቃል፣ የባጃጅ ገንዘብ ይጠይቃል። ለድብርት የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ዛሬ ተውጦ ነገ የሚያድን አይደለም። ሥራ ለመጀመር ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከተሻለሽም በኋላ ለወራት ይቀጥላል፣ መጀመሪያ አካባቢ ሆድ ያውክና ብዙዎች ይተዉታል። «አትተዪው፣ ይህ ያልፋል» የሚል ሰው ቅርብ ካልሆነ ይተዋል። ሲስተር የሄደች ጊዜ መድኃኒት ላይ ከነበሩት ከብሎካችን ልጆች ሁለቱ አቁመዋል። አንዷ ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልታ አገሯ ገብታለች።

ስለ ሬጅስትራር ደግሞ ይህን ብቻ ልበል። ታምሞ ፈተና የቀረ ተማሪ የክሊኒካችንን ማስረጃ ያቅርብ ይላል መመሪያው። ክሊኒኩ ደግሞ «ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ ስለሌለን ማስረጃ አንሰጥም» ይላል። እግሯ የተሰበረች ልጅ ሜካፕ (ማካካሻ ፈተና) ትፈተናለች። ፈተና አዳራሽ በር ላይ ልቧ ልትወጣ ደርሳ፣ እጇ ደንዝዞ፣ ሞትኩ ብላ የወደቀች ልጅ ግን ኤንጂዋ (ውጤት ገና አልተሰጠም የሚለው ምልክት) ወደ ኤፍ ተቀየረ። ከክሊኒኩ ወደ ሬጅስትራር፣ ከሬጅስትራር ወደ ዲፓርትመንት፣ ከዲፓርትመንት ወደ ክሊኒኩ፤ ሦስት ሳምንት ተመላልሰናል።

ፈተና ሲነሳ ደግሞ ማንን እያስተማራችሁ እንደሆነ አስታውሱ። እኛ የ4ኛ ዓመቶች የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተሰጠበት፣ የ2014ቱ ባች ነን። ከተፈተነው ወደ 900 ሺህ ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶ ሦስት። ጓደኞቻችን ቤት ቀሩ፣ ሌሎቹ በሬሜዲያል ገቡ። እኛ «ዕድለኞቹ» እዚህ ደርሰን ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም አለ። አራት ዓመት ተምረሽ 50 ካላመጣሽ ዲግሪው የለም። ፈተናው ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። ግን ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ ሌሊት በሬን የሚያንኳኳበት ምክንያት ግልጽ ይሁንላችሁ ብዬ ነው።

የካርድ ክፍሉንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ስድስት ቁጥር በነበረችበት ጊዜም ቢሆን አንዷ ካርድ አውጪ በመስኮቷ ጮክ ብላ «ለአእምሮ የመጣሽው፣ ካርድሽን ውሰጂ!» ያለችበት ቀን አለ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩ። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ ድምፅ መቀነስ ብቻ ነው።

በጀት ካልን ደግሞ፣ «ሳይካትሪስት ከየት እናምጣ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሳይካትሪስት አልጠየቅንም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 ያወጣው ፕሮግራም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ተራው ነርስና ጤና መኮንን አጭር ሥልጠና ወስዶ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ የመጠጥ ሱስን፣ ከባዱንም ሕመም ለይቶ በየጤና ጣቢያው ያክማል፣ ያቃተውን ይልካል። ኢትዮጵያ ይህን ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ናት። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያዎች ተሠርቶበት ብዙ ተጽፎበታል። የሶዶ ገበሬ ለሳል በሚሄድበት ጤና ጣቢያ፣ በዚያው በር ገብቶ ለድብርቱም መታከም ከቻለ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይችልበት ምክንያት አይገባኝም።

ኮሌጁን ካነሳሁ አይቀር፣ ከፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ የነርሲንግ ተማሪ ናት። የድብርትን ምልክቶች ለፈተና በቃሏ ስትሸመድድ በኮርኒሱ እሰማታለሁ። ያጠናችበትን ሕመም ታማ ብትገኝ ግን የምትታከምበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ነው ያለው።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ፍራሾቹን አንሱና ስድስት ቁጥርን ክፈቱልን። እባካችሁ አዲስ ታፔላ አትስቀሉበት፣ ለብቻው ሕንፃ አትሥሩለት፤ በዚያው ካርድ፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር፣ በዚያው በር ይሁን። ሲስተር ቢያንስ እንደ በፊቱ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ትመለስ፤ ሐሙስ ከሰዓት የላቦራቶሪ ትምህርት ያላቸው ዲፓርትመንቶች ስላሉ አንዱን ቀን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ብታደርጉልን ደስ ይለናል።

እሷ በሌለችበት ቀንና ሌሊት ደግሞ ያሉት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሥልጠናውን ይውሰዱ። የራሳችን ኮሌጅ መምህራን ሊሰጡት ይችላሉ። የ9 ጥያቄዋ ቅጽም ትባዛና ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ብሎ ለሚመላለስ ተማሪ ሁሉ ትሞላ፣ ከሦስተኛው ታይፎይድ በፊት።

የክሊኒኩ ፋርማሲ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን፣ ለሚጥል በሽታም የሚሰጡትን መድኃኒቶች ይያዝ። አገሪቱ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሯ ያስገባቻቸው ናቸው፤ አዲስ ነገር አላመጣንም። (የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካፌ ውስጥ ሲወድቅ አሁንም ክብሪት እየጫርን እናሸተዋለን። ተማሪ ነን ብለን አናፍርም መሰለኝ።)

ሬጅስትራርና ክሊኒኩ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የማስረጃውን ነገር በጽሑፍ ይጨርሱልን። ኤንጂያቸው ወደ ኤፍ የተቀየረባቸው ልጆች ጉዳይም እንደገና ይታይ፤ ማመልከቻቸው ዲፓርትመንት አለ።

ፕሮክተሮችና ጥበቃዎች እንዲህ ያለ ሌሊት ሲያጋጥማቸው ማን ጋ እንደሚደውሉ፣ አምቡላንሱን ማን እንደሚጠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት በየብሎኩ ይለጠፍ። ጥበቃ ቤት ውስጥ ማሳደር ይቁም። ቤተሰብ ሲጠራም «ውሰዱት» ሳይሆን «ታሟል፣ እዚህ ሆስፒታል ነው ያለው» ተብሎ ይነገረው። እኔና ሌሎች የብሎክ ተወካዮችም ሥልጠናውን ለመውሰድ ፈቃደኞች ነን፤ ቀኑን ብቻ ንገሩን፣ ቅዳሜም እሁድም እንመጣለን።

መልሳችሁን ከሚድ ፈተና በፊት ማስታወቂያው በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁም እንመጣለን፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ኮሪደር ላይ ግን አታስጠብቁን።

ከሰላምታ ጋር

የሴቶች ማደሪያ ብሎክ ተወካይ፣ የ4ኛ ዓመት ተማሪ
ስለ ብሎኩ ተማሪዎችና ታሪካቸውን እንዳካፍል ስለፈቀዱልኝ

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት
ለጤና ሳይንስ ኮሌጅ
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ለሲስተር፣ ያለችበት ድረስ